የቤት መለያ ቁጥሩ ስታታ ውስጥ ተበላሸብኝ፤ ሁለቱ ፋይሎች አልገጥም አሉ

እንጆሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታ ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ በትዕግስት አንብቡልኝ።

የማስተርስ ጥናቴን የምሠራው በማኅበረሰብ ጤና ነው። በ10 ቀበሌ፣ በየቀበሌው 60 ቤት፣ በድምሩ 600 ቤት አዳርሰናል። መረጃው የተሰበሰበው በታብሌት ነው። ሁለት ፋይል አለኝ። አንዱ የቤተሰብ ቅጽ ነው። ሌላው የልጆች የክትባት ቅጽ ሲሆን 640 ልጆች አሉት። ሁለቱን የሚያገናኘው ባለ12 አኃዝ የቤት መለያ ነው። ለምሳሌ 030104017001። 03 ክልሉ፣ 01 ዞኑ፣ 04 ወረዳው፣ 017 ቀበሌው ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው 001 ቤቱ ነው።

የልጆቹን ፋይል መጀመሪያ በኤክሴል ከፈትኩት፣ አየት አየት አድርጌ ሴቭ አልኩት። ከዚያ ስታታ ወደሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አስገባሁት። በመርጅ ላገናኛቸው ስል አንዱ ፋይል ላይ መለያው ጽሑፍ ነው፣ ሌላው ላይ ቁጥር ነው ብሎ እምቢ አለኝ። እሺ ብዬ የቤተሰቡን ፋይል መለያ በጀነሬትና በሪል ትዕዛዞች ወደ ቁጥር ቀየርኩት። አሁን ደግሞ «መለያው አይለይም» የሚል ስህተት ይሰጠኛል። ገልጬ ሳየው ቀበሌ 017 ውስጥ ያሉት 60ዎቹም ቤቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘዋል፦ 30104016896። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? እኔ እንዲህ የሚል መለያ ለማንም አልሰጠሁም። ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አድቫይዘሬ ሰኞ ይጠብቀኛል።

ዱፋይል፦
እህቴ፣ አይዞሽ። መረጃሽ አልጠፋም። የተበላሸው ቅጂው ነው፤ ዋናው በእጅሽ አለ።

ትዕዛዞቹን እንደምንጠራቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ። ስታታ ላይ ስትጽፊያቸው በላቲን ፊደል፣ ሁሉም በትንሹ ይሁኑ።

ያ እንግዳ ቁጥር የመጣው ከጀነሬት ነው። ጀነሬት ዓይነቱን ካልነገርሽው አዲሱን ኮለም ፍሎት አድርጎ ይፈጥረዋል። ፍሎት ለአንድ ቁጥር የሚሰጠው 4 ባይት ብቻ ነው። ሙሉ ቁጥሮችን አንድም ሳያዛባ የሚይዘው እስከ 16,777,216 ድረስ ነው። ከዚያ በላይ መዝለል ይጀምራል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ዝላዩም ያድጋል። ያንቺ መለያ የፊቱ ዜሮ ሲወድቅ 30 ቢሊዮን አካባቢ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ፍሎት የሚቆጥረው በ2048 እየዘለለ ነው። አስቢው፣ ቀበሌ 017 ውስጥ ከቤት 001 እስከ ቤት 060 ያለው ርቀት 59 ብቻ ነው። ስልሳውም ቤት ቅርባቸው ወዳለችው አንዲት መርገጫ ሄዱ። ያቺ መርገጫ 30104016896 ናት።

ደብል ብትዪው ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ደብል 8 ባይት ነው፤ እስከ 15 አኃዝ ድረስ ያለችግር ይይዛል። ግን ደብልም መፍትሔ ነው አልልሽም። የቤት መለያ ቁጥር ቁጥር አይደለም። ስም ነው። አይደመርም፣ አማካይ አይወጣለትም። ስለዚህ ሁለቱንም ፋይል ወደ ጽሑፍ አምጪያቸው።

የቤተሰቡ ፋይል ላይ መለያው ከመጀመሪያው ጽሑፍ ስለሆነ አትንኪው፤ ያን በጀነሬት የፈጠርሽውን በድሮፕ ጣይው። የልጆቹ ፋይል ላይ ከኤክሴል የመጣው ደብል ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ አኃዞቹ አሉ፤ የጎደለው የፊቱ ዜሮ ብቻ ነው። እንዲህ በይ፦

ጀነሬት ስትር12 ቤት = ስትሪንግ(መለያ፣ "%012.0ኤፍ")

እዚያ ውስጥ ያለው 012 «12 ቦታ ይኑረው፣ የጎደለውን ከፊት በዜሮ ሙላው» ማለት ነው። ከዚያ የልጆቹን ፋይል ከፍተሽ፣ በብዙ ለአንድ መርጅ አድርጊ። ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ ሊኖር ስለሚችል በአንድ ለአንድ አይሄድም።

እንጆሪ፦
ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁኑኑ ልሞክረው።

የቆላ ልጅ፦
ዱፋይል ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ወደኋላ ልመልሳችሁ። ችግሩ የጀመረው ጀነሬት ላይ አይደለም፤ «በኤክሴል ከፈትኩት፣ አየት አየት አድርጌ ሴቭ አልኩት» ያለችው ላይ ነው።

ኤክሴል ሲኤስቪ ፋይልን (ኮለሞቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው) በድርብ ክሊክ ስትከፍቱት ሳይጠይቃችሁ ይወስናል። ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ያደርጋል፣ የፊቱን ዜሮ ይጥላል። 12 አኃዝ ስለነበረ ነው የተረፈችው። ኤክሴል የሚይዘው 15 አኃዝ ነው። ባለ16 አኃዝ የፋይዳ ቁጥር ያለበትን ሲኤስቪ በድርብ ክሊክ ከፍታችሁ ሴቭ ብትሉት፣ ቢያንስ የመጨረሻዋ አኃዝ ትጠፋለች። የሁሉም ሰው። ያን ጊዜ በስትሪንግም በምንም አይመለስም።

ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ አላመለጡም። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የሕዝብ ጤና ተቋሙ ከ15,000 በላይ የኮቪድ ታማሚዎችን ለቀናት ከሪፖርቱ ውጭ አድርጎ ነበር። ምክንያቱ የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይቀበል ነው። የተረፈው ረድፍ በዝምታ ተቆረጠ። ከነዚያ ሰዎች ጋር የተነካኩ ሰዎች ሳይነገራቸው ቀናት አለፉ። ያ ነገር ዛሬም ያሳዝነኛል።

የኔ ልማድ ይህ ነው። ከታብሌቱ የወረደውን ፋይል «ጥሬ» የሚባል ፎልደር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ «ለንባብ ብቻ» አደርገዋለሁ፣ በኤክሴል አልከፍተውም። በስታታ ሳስገባው፦

ኢምፖርት ዴሊሚትድ ዩዚንግ "ጥሬ/ልጆች.ሲኤስቪ"፣ ስትሪንግኮልስ(_ኦል) ኢንኮዲንግ("ዩቲኤፍ-8") ክሊር

ስትሪንግኮልስ ኦል ማለት ሁሉንም ኮለም እንደ ጽሑፍ አንብብ ማለት ነው። ምንም አይገምትም። ከዚያ ቁጥር መሆን ያለበትን፣ ዕድሜን፣ ክብደትን፣ ቁመትን፣ በዲስትሪንግ አንድ በአንድ እቀይራለሁ። ዲስትሪንግ ቁጥር ያልሆነ ነገር ካገኘ አልቀይርም ይላል። ያ እምቢታ በጣም ይጠቅማል። አንዴ ክብደት ኮለም ውስጥ «8ኪሎ» ተብሎ የተጻፈ ያገኘሁት በዚያ ነው።

አር ወዳጅ፦
አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ለምትጠቀሙም ነገሩ ያው ነው። ሪድ ሲኤስቪ ላይ ኮልክላስስ የሚለውን «ካራክተር» አድርጉት። ያኔ ዜሮው አይነካም። ስትጽፉ ደግሞ ራይት ሲኤስቪ ላይ ሮውኔምስን ፎልስ ማለት አትርሱ፤ ካልሆነ ስም የሌለው ተጨማሪ ኮለም ከፊት ይጨመራል፣ በከፈታችሁ በጻፋችሁ ቁጥር እየበዛ ይሄዳል። ከስታታ ጋር ለመለዋወጥ ሄቨን የሚባለው ፓኬጅ ጥሩ ነው፤ ሪድ ዲቲኤ እና ራይት ዲቲኤ አለው፣ የቫሪየብሎቹን መግለጫም ይዞ ይመጣል። ፎረይን የሚባለው የድሮው ፓኬጅ ግን ከስታታ 12 በኋላ ያሉትን ፋይሎች አያነብም። ብዙ ሰው እሱ ላይ ሲደናገር አያለሁ።

እንጆሪ፦
ሠራ! ከ640 ልጆች 638ቱ ቤታቸውን አገኙ። ተባረኩ። ሁለቱን እፈልጋቸዋለሁ።

አሁን ግን ሌላ ነገር አየሁ። የልጆቹ የልደት ቀን ከክትባት ካርዳቸው ላይ የተወሰደ ነው፤ ቀን/ወር/ዓመት ተብሎ በእኛ አቆጣጠር። ወደ ስታታ ቀን ስቀይረው 13 ልጆች ባዶ ሆኑ። የቀሩት ደግሞ ዕድሜያቸው 8 እና 9 ዓመት ይላል፤ ሁሉም ከ2 ዓመት በታች ናቸው። ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ቀን ታብሌቱ ራሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚመዘግበው ነው ብዬ በልደቱ ቀን ላይ 8 ዓመት ጨመርኩበት። አሁን ዕድሜያቸው ደህና ይመስላል። 13ቱን ልጥላቸው ወይ?

ዱፋይል፦
አትጣያቸው! 8 ዓመት የጨመርሽበትንም መልሺው። ይህ ጉዳይ ከመለያው ይበልጣል፤ እዚህ መድረክ ላይ ስለ ቀን የሚያውቁ አንድ ሰው አሉ። ጋሼ ዘመን፣ እባክዎ ብቅ ይበሉ።

ዘመን ቆጣሪ፦
ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። ልጄ እንጆሪ፣ በርቺ። ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ ብዙዎች ሳይጠይቁ ነው የሚያልፉት።

በመጀመሪያ 13ቱን እንይ። ሳላየው ልንገርሽ፦ አብዛኞቹ ጳጉሜ ላይ የተወለዱ ናቸው፤ የቀሩት ጥቅምት 29 ወይም 30። ሶፍትዌሩ 3/13/2015 ሲያይ 13ኛ ወር የለም ይላል፣ ባዶ ያደርገዋል። 30/02/2015 ሲያይ ፌብሩዋሪ 30 የለም ይላል፣ ባዶ ያደርገዋል። እነዚህ ልጆች ምንም አላጠፉም። ጳጉሜ ላይ ስለተወለዱ ብቻ ከጥናት መውጣት የለባቸውም።

የባሰው ችግር ያለው የቀሩት 627ቱ ላይ ነው። እነሱን ሶፍትዌሩ ተቀብሏቸዋል፤ ግን በተሳሳተ መንገድ። ጥር 10 ቀን 2015 የተወለደች ልጅ አለች እንበል። ፋይሉ ላይ 10/05/2015 ነው። ስታታ ሜይ 10፣ 2015 ብሎ ያነባል። አንቺ 8 ዓመት ስትጨምሪ ሜይ 10፣ 2023 ሆነ። ልጅቷ በእውነት የተወለደችው በፈረንጅ ጃንዋሪ 18፣ 2023 ነው። ልዩነቱ 112 ቀን ነው። የእኛ 5ኛ ወር ጥር ነው፣ የእነሱ 5ኛ ወር ሜይ ነው፤ ዓመት በመጨመር ወሩ አይስተካከልም።

አንቺ የምታጠኚው ክትባት ነው። ፔንታቫለንት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የኩፍኝ የመጀመሪያው በ9 ወር ነው። 112 ቀን ማለት 16 ሳምንት ነው። በወቅቱ የተከተበችውን ልጅ ሳትወለድ የተከተበች አድርጎ ያሳይሻል። የ9 ወር ልጅ የ5 ወር ሆና ትታያለች፤ የኩፍኝ ክትባት ያመለጣትን ልጅ «ገና ጊዜዋ አልደረሰም» ብለሽ ታልፊያታለሽ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀኑን ሲገባ ጽሑፍ አድርጊው። በስፕሊት ከ«/» ምልክቱ ላይ ሰንጥቂና ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚሉ ሦስት ቁጥሮች አድርጊያቸው። ከዚያ ይህን ስሌት ተጠቀሚ፦

(ዓመት − 1) × 365 + ፍሎር(ዓመት ÷ 4) + ወር × 30 + ቀን − 712745

የሚወጣው ቁጥር ከጃንዋሪ 1፣ 1960 ወዲህ ያለውን የቀን ብዛት ይሰጥሻል፤ ስታታ ቀንን የሚቆጥረው ከዚያ ጀምሮ ነው። ፎርማቱን ፐርሰንት ቲዲ ስትዪው የፈረንጁን ቀን ያሳይሻል። ለጳጉሜ ወሩን 13 አድርጎ ያው ስሌት ይሠራል። ፍሎር የሚለው ክፍልፋዩን ጥሎ ሙሉውን የሚወስድ ነው፤ በየ4 ዓመቱ ጳጉሜ 6 የምትሆንበትን የሚቆጥረው እሱ ነው።

ዝም ብለሽ አትመኚኝ፤ ፈትኚው። መስከረም 1 ቀን 2000ን ሁላችንም እናስታውሰዋለን፣ ሚሊኒየሙ ነው። አስገቢው። 729635 + 500 + 30 + 1 − 712745 = 17421 ይመጣል። ፎርማት ስታደርጊው ሴፕቴምበር 12፣ 2007 ይልሻል። ያን ቀን አደባባይ የወጣ ሁሉ ምስክር ነው።

አር ወዳጅ፦
ጋሼ ዘመን፣ እድሜ ይስጥዎት። ለአር ተጠቃሚዎች ልጨምር፦ አር የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ጀምሮ ስለሆነ 712745 የሚለውን በ716398 ተኩት፣ ከዚያ አዝ ዴት በሉት። አሁን ሞክሬው ጥር 10 ቀን 2015 ልክ ጃንዋሪ 18፣ 2023 መጣልኝ።

ሰናይት_ኤስፒኤስኤስ፦
እኔ የምሠራው ኤስፒኤስኤስ በሚባለው ሌላ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው። መለያውን ጌት ዳታ ላይ ኤ12 ብዬ ጽሑፍ አድርጌ ነው የማነበው፣ ጥሩ ነው። ያስቸገረኝ ስም ነው። የእናቶችን ስም በአማርኛ ነው የጻፍነው። አብዛኛው ስም አራት ፊደል ላይ ይቆረጥብኛል። «ወልደገብርኤል» የሚለው «ወልደገ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። ምን ይሻላል?

ዱፋይል፦
ስሙንም ኤ12 ብለሽው መሆን አለበት። ኤስፒኤስኤስ በዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው ኮድ) ሲሠራ ስፋቱን የሚለካው በባይት ነው። የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው። 12ን ለ3 ስታካፍዪው 4 ፊደል። ወልደገብርኤል ስምንት ፊደል ነው፣ 24 ባይት ይፈልጋል። ኤ90 አድርጊው፣ ከአባት ስም ጋርም ይበቃል።

ስታታም ላይ ያው ነው። ስትርሌን ስትዪው «ወልደገብርኤል» 24 ይልሻል። የፊደሉን ብዛት ከፈለግሽ ከፊት ዩ ያለበትን ዩስትርሌን ተጠቀሚ፤ ፊደል ለመቁረጥም ሰብስትር ሳይሆን ዩሰብስትር። አለዚያ ፊደሉን መሃሉ ላይ ይሰነጥቀዋል። ዩኒኮድ የገባው ስታታ 14 ላይ ስለሆነ ከዚያ በታች ያለው አማርኛን በቅጡ አያሳይም።

የቆላ ልጅ፦
ስለ አማርኛ ከተነሳ ኤክሴልን አሁንም ላንሳው። አማርኛ ያለበትን ፋይል ተራውን ሲኤስቪ መርጣችሁ ሴቭ ካላችሁ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ሌላ ቅጂ ከሌላችሁ አለቀ፤ የጥያቄ ምልክት ወደ ስም አይመለስም። ከዝርዝሩ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ፋይሉን ስትከፍቱት የተዘበራረቀ ምልክት ካያችሁ ግን አትደንግጡ። ፋይሉ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ያነበበው በሌላ ኮድ ነው። ሴቭ ሳትሉ ዝጉት፣ ከዳታ ሜኑ ገብታችሁ 65001 የሚለውን ኮድ መርጣችሁ አምጡት።

ሀገር ሰው፦
ስለ መለያ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚወድቅበት። የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ዳሰሳን፣ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር የሚሠራውን፣ የምትጠቀሙ ካላችሁ፦ የመጀመሪያው ዙር 2011/12 ሲሆን ገጠርንና ትናንሽ ከተሞችን ነበር የያዘው። በሁለተኛው ዙር፣ በ2013/14፣ ትልልቅ ከተሞች ተጨመሩ። ስለዚህ ያ ዙር ሁለት የቤት መለያ አለው፤ የሁለተኛው ኮለም ስም መጨረሻው ላይ 2 አለበት። አዲስ ለገቡት የከተማ ቤቶች የድሮው መለያ ባዶ ነው። በድሮው መለያ መርጅ ካደረጋችሁ ባዶዎቹ ሁሉ እንደ አንድ ቤት ይቆጠራሉ። የሁለተኛውን ዙር ፋይሎች እርስ በርስ ስታገናኙ በሁለተኛው መለያ ይሁን። መርጅ ከማለታችሁ በፊት መለያው በእርግጥ እንደሚለይ የሚያረጋግጥ አይኤስአይዲ የሚባል አጭር ትዕዛዝ አለ፤ ሁልጊዜ ጻፉት።

እንጆሪ፦
ጋሼ ዘመን፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት። 13ቱን አወጣኋቸው፦ 9ኙ ጳጉሜ፣ 4ቱ ጥቅምት 29 እና 30። ልክ እንዳሉት። በስሌቱ አሁን 640ዎቹም ልጆች ቀን አላቸው። ቀድሞ ሳይወለዱ ተከተቡ ብሎ ያሳየኝ 71 ልጅ ነበር፤ «መረጃ ሰብሳቢዎቹ ናቸው ያበላሹት» ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን 2 ብቻ ቀሩ። ለሰብሳቢዎቹ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አድቫይዘሬ ያላቸው ስታታ 13 ነው። የኔ 17 ነው። ፋይሉን ስልክላቸው አልከፈትም አላቸው።

ዱፋይል፦
ሴቭ ሳይሆን ሴቭኦልድ በይ፤ ከኮማው በኋላ ቨርዥን(13)። ሌላ ስም ስጪው፣ ያንቺ ላይ እንዳይጻፍበት። ከመላክሽ በፊት አማርኛ ያለባቸውን ኮለሞችና ሌብሎች አውጪያቸው፣ እሳቸው ጋ ስለማይነበብ። የእናቶችን ስም በኢሜይል አለመላክም በራሱ ጥሩ ነው።

ሴቭ ካነሳን፣ ሪፕሌስ የምትለውን ቃል በጣም ተጠንቀቂያት፤ በነበረው ፋይል ላይ ትጽፍበታለች። እኔ አንድ ጊዜ የአንድ ዓመት ሥራ የያዘ ፋይል ላይ የ5 ቫሪየብል ቁራጭ ጽፌበታለሁ። ለማየት ብዬ ኪፕ አልኩ (ከተመረጡት ኮለሞች በቀር ሌላውን የሚጥል ትዕዛዝ ነው)፣ ከዚያ እጄ እንደለመደው ሴቭ ሪፕሌስ። ጥሬው ፋይል የተገኘው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፍላሽ ላይ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የማነብበት ፎልደርና የምጽፍበት ፎልደር አንድ ሆነው አያውቁም። ሪፕሌስ የምለውም ዱፋይሉ (ስሜን የወሰድኩበት፣ ትዕዛዞቹ በተራ የሚጻፉበት ፋይል) እንደገና ሊሠራው የሚችለውን ፋይል ብቻ ነው።

ዘመን ቆጣሪ፦
ልጄ፣ ያልገጠሙት ሁለቱ ልጆችስ?

እንጆሪ፦
አገኘኋቸው ጋሼ። የአንዱ ቤት መለያ 11 አኃዝ ብቻ ነው፤ ሰብሳቢው ከቀበሌው ላይ ዜሮ ረስቶ ነው፣ አስተካከልኩት፤ ለምን እንደቀየርኩትም ዱፋይሉ ላይ ጻፍኩ። የሌላኛዋ ልጅ ግን በቤተሰብ ቅጹ ላይ የሌለ ቤት ነው የያዘችው፣ 030104022061። በየቀበሌው 60 ቤት ነበር የመረጥነው፣ 61ኛ የለም። ገምቼ 060 ላደርጋት ፈልጌ ነበር፣ እጄን ሰበሰብኩ። ነገ ጠዋት የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እደውልላታለሁ።